የተጠቀለለችው ጃርትና የቸኮለው ሽማግሌ

ቀድሞ የገባው ሰው ተቀመጠ፤ የተከተለው ግን ደጁ ላይ ቆሞ ቀረ። ነገሩ ይኸው ብቻ ነበር። ውሃ ቀረበ፣ እጅ ተታጠበ፣ እህል ተቆረሰ። የቆመውን ሰው «ኧረ ይቀመጡ» ቢሉት «እንዲሁ ይሻለኛል» አለ። ወገቡን አሞት ይሆናል ተብሎ ተተወ። ስህተቱ የታወቀው ዘግይቶ ነው።

እኛ ባደግንባት የባቡር ጣቢያ ሰው ሲጣደፍ፣ በተለይም ከሌላ ሰው አፍ ቃል ለማውጣት ሲታገል ያየ ሁሉ ስለ ጃርት አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል። ሰሚው ይስቅና ያልፋል። ጃርትንና ጥድፊያን ምን አገናኛቸው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ግን መነሻውን ከነጓሮው አውቀዋለሁ፤ የተቀመጠውም የቆመውም ሰው የመጡት እናቴን ለጋብቻ ሊጠይቁ ነበርና።

ያኔ እኔ አልተወለድኩም። ቢሆንም እናቴ ደጋግማ ስለነገረችን ያየሁት ያህል ነው። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ያ ቆላ ይመጣል፦ ከቀትር በኋላ ያለው ቢጫ ብርሃን፣ ግራሩ ሥር የተኙት ፍየሎች፣ ከሙቀቱ የተነሳ ከሩቅ ውሃ የሚመስለው ሐዲድ። ሁሉም ነገር በእንቅልፍ ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል። መጨረሻውን እያወቅሁ እንኳ መሀሉ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ልቤ ይፈራል። ሴት ልጅ ለሚያሳድግ ሰው በር ያንኳኳ ሁሉ ክፉ ይዞ የመጣ ይመስለዋል።

እናቴ አስካለ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ለመጨረስ አንድ ዓመት የቀራት ልጃገረድ ነበረች። ሳምንቱን ድሬዳዋ አክስቷ ቤት ሆና ትማርና ለእሑድ በባቡር ትመለሳለች። አባቷ ጓንጉል የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። እናቷ ማንጠግቦሽ ከደጋ ወርዳ ቆላውን ፈጽሞ ያልለመደች፣ ሌሊት ነፋስ በሩን በነካው ቁጥር የምትነሳ ሴት ነበረች። እኔም የእሷን ሳልወርስ አልቀረሁም።

በቤቱ ጓሮ ከሐዲድ የተነሱ አሮጌ እንጨቶች ተቆልለው ነበር። ጃርቷ የምትኖረው ከእነሱ ሥር ነው። ጃርት ስል ደጋ ላይ ድንችና በቆሎ የምትፈጀውን፣ ረጅም እሾኋን እያንኮሻኮሸች የምትሄደውን ማለቴ አይደለም። የቆላዋ ትንሽ ናት፤ ስትጠቀለል ትልቅ ብርቱካን ብታህል ነው። እሾኋ አጭርና ጫፉ ነጣ ያለ፣ ፊቷ የአይጥ መሳይ፣ አፍንጫዋ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። የደጋ ሰዎቹ ሌላ ስም ስላላወቁላት «ትንሿ ጃርት» አሏት። ማንጠግቦሽማ መጀመሪያ ስታያት የትልቋ ጃርት ግልገል መሰለቻት። «ልጅየዋ ይህች ከሆነች እናትየዋ ትመጣለች፣ ጎመኔንም ትጨርሰዋለች» ብላ ስንት ምሽት ዱላ ይዛ ጠበቀች። እናትየዋ አልመጣችም። በምትኩ ከቤቱ ጊንጥ ጠፋ።

ቀን ቀን ትተኛለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጀመሪያ አፍንጫዋ ከእንጨቱ ሥር ብቅ ይላል፤ አየሩን ታሸታለች፣ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ትወጣለች። ጢንዚዛ ስትበላ ድምፁ የተቆላ ሽምብራ እንደሚቆረጥም ሰው ነው። ምድር ሲደርቅና የሚበላ ሲታጣ ለረጅም ጊዜ ትሰወራለች። ሞተች ተብሎ ተስፋ ሲቆረጥ፣ ዝናብ አፈሩን እንዳራሰው ቀጥና ትመጣለች። አንድ ጊዜ ወልዳ የልጆቿ እሾህ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ታይቷል። እናቴ ይህን ሁሉ ያወቀችው መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እንጨቱ አጠገብ ዝም ብላ በመቀመጥ ነው። እሷም ብዙ የምትናገር ልጅ አልነበረችም።

«ከእኛ ይልቅ ከጃርቷ ጋር ትጫወታለች» ትላለች ማንጠግቦሽ።

«ጃርቷ አታቋርጠኝም» ትላለች እናቴ።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ባለው ባቡር አቶ ንጋቱ ከድሬዳዋ መጣ። አቶ ንጋቱ የታወቀ ነጋዴ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር እንጂ። ቡና እስኪበርድ የማይጠብቅ፣ የሰውን ወሬ ጫፉን ይዞ ራሱ የሚጨርስ፣ ተቀምጦ እንኳ እግሩ የሚሄድ ሰው ነበር። የተከተለው ሰው ዘመዱ ባሻ ውብሸት ነው፤ ሽማግሌ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ አገጩን በምርኩዙ ላይ አስደግፎ መቆም የሚወድ። ባለቤቶቹ ለጥየቃ የመጡ መስሏቸው ያለውን አቀረቡ። አቶ ንጋቱ በላ። ባሻ ውብሸት አልበላም፤ አልተቀመጠምም።

አቶ ንጋቱ እጁን ታጥቦ ሳያደርቅ ተናገረ።

«ጓንጉል፣ ባቡሩ ሳይመጣ ነገሬን ልጨርስ። የወንድሜን ልጅ አክሊሉን ታውቀዋለህ። አስካለን ለእሱ እፈልጋታለሁ። ሠርጉ ለጥር ይሁን።»

ማንጠግቦሽ ሞሰቡን ልታነሳ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ቀና ብላ ደጁ ላይ የቆመውን ባሻ ውብሸትን አየችው። አሁን ገባት።

ለሽምግልና የተላከ ሰው ቆሞ ነው የሚጠይቀው። ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም፤ መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስም። የልጅቱ ወላጆችም ያን ዕለት መልስ አይሰጡም፤ «ዘመድ እናማክር» ብለው ቀን ይቀጥራሉ። ላየው ሰው ከንቱ ኩራት ይመስላል። ነገር ግን ልጅቱ እንድታስብ፣ እናትም ማታ ማታ ጠጋ ብላ እንድትሰማት ጊዜ የሚሰጠው ያ ደጅ መጥናት ነው። አቶ ንጋቱ ተቀምጦ፣ በልቶ፣ መጨረሻ ላይ ጠየቀ። በቤትህ እህል የበላን እንግዳ «ሂድና ሌላ ቀን ቆመህ ጠይቀኝ» ማለት ከባድ ነው። በዚያ ላይ ጓንጉል ወጣት ሳለ፣ ወደ ቆላ እንደወረደ ወባ ሲጥለው ቤቱ አስተኝቶ ያስታመመው አቶ ንጋቱ ነበር። ጓንጉል ያንን ውለታ በየጸሎቱ የሚያነሳ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ ዘመድ ላማክር» አለ ጓንጉል ቀስ ብሎ።

«ዘመድህ እኔ አይደለሁም?»

«ነዎት እንጂ።»

«እንግዲያው ተማከርን።»

ባሻ ውብሸት ከደጁ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። «ንጋቱ፣ ዛሬ ጥያቄውን አድርሰን እንሂድ። መልሱን ሌላ ቀን መጥተን እንሰማለን።»

«እርስዎ ሌላ ቀን፣ ሌላ ቀን ሲሉ ነው ያረጁት።»

«አንተ ስለቸኮልህ ሳታረጅ ልትቀር ነው?» አለ ባሻ።

ጓንጉል መውጫ ሲያጣ «ከልጅቱ አፍ ልስማ» አለ። እናቴ ከጓዳ ተጠራች። መጥታ ቆመች፤ ነጠላዋን ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። «ሰምተሻል ልጄ። ምን ትያለሽ?» አላት። አቶ ንጋቱ የኪስ ሰዓቱን አውጥቶ መዳፉ ላይ ያዘ። እናቴ አልተናገረችም።

«በይ እንጂ» አለ አቶ ንጋቱ።

አልተናገረችም።

«በቃ። ዝም ማለት እሺ ማለት ነው።»

እንግዲህ ልቤ የሚፈራው እዚህ ላይ ነው። ጓንጉል ልጁን አየ፤ ውለታ የዋለለትን ሰው አየ። እሺ ለማለት ከንፈሩ ተላቀቀ። አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው። ቃሉ ቢወጣ ትምህርቱ በዚያው ያበቃል። ወላጅ በሽማግሌ ፊት የሰጠውን ቃል ደግሞ የሚያጥፍ የለም። እናቴ ያን አወቀች መሰለኝ፣ ዞር ብላ በጓሮው በር ወጣች።

«ወዴት ነው?» ብሎ አቶ ንጋቱ ተከተላት። ሁሉም ተከተሉት።

ፀሐይዋ ግራሩ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ጓሮው ማር የፈሰሰበት ይመስላል። ጃርቷ ወጥታ በእንጨቱ ዙሪያ ታሸታለች። አቶ ንጋቱ ሲቆም ቀስ ብላ መጣችና ጫማውን አሸተተች። ጫማው ለመንገድ አዲስ ቀለም የተቀባ ነበር። ላሰችው። ከዚያ አንዳች ነገር የምታኝክ ይመስል አፏን ታንቀሳቅስ ጀመር፤ ነጭ አረፋ ከአፏ ወጣ። አንገቷን እስከ ጀርባዋ ጠምዝዛ አረፋውን በምላሷ እሾኋ ላይ ትለቀልቅ ጀመር።

«አብዳለች» አለ አቶ ንጋቱ ወደ ኋላ እየዘለለ። «ልክ እንደ ውሻ፤ አረፋ እየደፈቀች ነው። አትጠጉ፣ ሁላችንንም ትጨርሰናለች። ባሻ፣ ያን ምርኩዝ ወዲህ ይበሉ።»

በዚህ አልፈርድበትም። እኔ ብሆን ቤተሰቡን ሁሉ ሰብስቤ ሐኪም ቤት ነበር የምሮጠው።

ምርኩዙን ተቀብሎ ሲያነሳ እናቴ መሀል ገባች።

«አላበደችም። ለአፍንጫዋ አዲስ የሆነ ነገር ስታገኝ እንዲህ ታደርጋለች። የጫማዎ ቀለም ነው። ባለፈው በአባዬ ሳሙና እንዲሁ አድርጋለች።»

«ለምን ታደርጋለች?»

«እንጃ። እስካሁን አልነገረችኝም።»

ባሻ ውብሸት ሳቀ። የምርኩዙ ጫፍ መሬት ሲነካ ጃርቷ እፍ ብላ በአንድ ጊዜ ተጠቀለለች። ፊት የለም፣ እግር የለም፤ አንዲት የእሾህ ኳስ ብቻ።

«ይኸው፣ መናገር ትችያለሽ እኮ» አለ አቶ ንጋቱ። «ስለ ጃርት ሲሆን ምላስሽ ይፈታል፣ ስለ ባል ሲሆን ይታሰራል።» ሰዓቱን አየ፤ ኳሷን አየ። የሰጠው ሐሳብ እንደ ቀልድ ነበር የጀመረው። «ቆይ። ይህችን ፈትቼ ፊቷን ካሳየሁሽ አንቺም እዚሁ እሺ ትያለሽ?»

«ባይፈቱስ?»

«እኔ? ይህችን? ባልፈታ ባቡሬን ይዤ እሄዳለሁ። ሌላ ቀን እንደ ደንቡ ቆሜ እጠይቃለሁ።»

«ሳይጎዷት ነው።»

«ሳልጎዳት። ባሻ ምስክር ይሁኑ።»

«እሺ» አለች እናቴ።

ማንጠግቦሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ወይ ጉድ፣ ልጄ ራሷን በጃርት አስያዘች» አለች ለባሏ።  ጓንጉል ከንፈር ላይ የደረሰችው ቃል ግን ተመልሳ ገብታለች።

አቶ ንጋቱ ኮቱን አውልቆ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ በምርኩዙ ጫፍ ነካ ነካ አደረጋት፤ ጠበቀች። ገለበጣት፤ ከታችም ያው እሾህ ነው፤ አንዲት ቀጭን ስንጥቅ ብቻ፣ ገመዱ የተሳበ ከረጢት አፍ የሚመስል። «ውሃ አምጡ» አለ። በጣሳ አፈሰሰባት። እፍ አለች፤ ይበልጥ ጠበቀች። ጣሳውን ጆሮዋ ይሆናል ባለው ወገን አንኳኳ። ከምሳው የተረፈ ሥጋ አስመጥቶ ስንጥቋ ላይ አስቀመጠላትና «ብይ እንጂ፣ ብይ» አላት፤ ሁለቴ ሳይተነፍስ ሥጋውን መልሶ አነሳው። በጣቱ ሊፈለቅቃት ሞከረ፤ አውራ ጣቱን ወጋችው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ዝም ቢሉላት» አለ ጓንጉል።

«እኔ ዝም ስል ባቡሩ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል?»

ባሻ ውብሸት ይህን ጊዜ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ፤ እንጨቶቹ ላይ፣ እግሩን ዘርግቶ። የአደራው ነገር ከእጁ የወጣለት ይመስል ነበር።

አቶ ንጋቱ የተወጋ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ጀርባውን አዞረ። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ነፋሱም ቆመ። ያኔ እሾኹ በዝግታ ለስለስ አለ፤ ስንጥቋ ሰፋች፤ ከውስጧ እርጥብ ጥቁር አፍንጫ ጫፉን አሳየ። እናቴ ትንፋሿን ያዘች። ሰውየው ጣቱን እየጠባ ጥቂት ቢቆይ፣ የእናቴ የዕድሜ ልክ ነገር በዚያች አፍንጫ አልቆ ነበር። አቶ ንጋቱ ግን ዞር አለና አያት።

«ይኸው መጣች፣ መጣች፣ አያችሁ» ብሎ ጮኾ ተንደረደረ።

አፍንጫው ጠፋ። ኳሷ እንደ ድንጋይ ተዘጋች።

ወዲያው ከሩቅ የባቡሩ ጩኸት ተሰማ። አቶ ንጋቱ ኮቱን እያጠለቀ፣ ባርኔጣውን እየደፋ ጓንጉልን አየው። «ልጅህም ጃርትህም አንድ ናቸው» አለ። «ባሻ፣ ይነሱ።»

«ጉልበቴ ታስሯል» አለ ባሻ ከእንጨቱ ላይ። «አንተ ሂድ፤ እኔ ጧት በሚያልፈው እመጣለሁ።»

«ድሮም የእርስዎ ነገር ጧት ነው» ብሎ እየተራመደ፣ በመጨረሻም እየሮጠ ሄደ።

ባቡሩ መጣ፤ ቆመ፤ ሄደ። ድምፁ በሐዲዱ ውስጥ ጥቂት ሲያጉረመርም ቆየና ጸጥታው ውሃ ጉድጓድ እንደሚሞላ ቀስ ብሎ ጓሮውን ሞላው። አቧራው ተኛ። ብርሃኑ ከቢጫ ወደ ሐምራዊ ተለወጠ። አራቱም ባሉበት ቆዩ።

ጃርቷ ተፈታች። የግንባሯ እሾህ የሚነቃ ሰው ቅንድብ ይመስል ወደ ላይ ተነሳ። አፍንጫዋ ወጣ፣ ከዚያ ጆሮዎቿ፣ ከዚያ እንደ ኑግ ፍሬ የሚያበሩ ዓይኖቿ። አነጠሰች። ግራ ቀኝ አሽትታ፣ በባሻ ውብሸት እግር አጠገብ አልፋ ጢንዚዛዋን ፍለጋ ሄደች።

ባሻ እናቴን አላያትም፤ ጃርቷን በዓይኑ እየተከተለ ለራሱ እንደሚናገር ሰው «አክሊሉ እኮ ክፉ ልጅ አይደለም» አለ። ሌላ አልጨመረም። መልስም አልጠበቀም።

ብዙ ቆይታ እናቴ ተናገረች።

«አውቃለሁ። ባቡር ውስጥ አይቼዋለሁ። መቀመጫውን ለአንዲት እርጉዝ ሴት ሰጥቶ እስከ ድሬዳዋ ቆሞ ሄደ። መጽሐፌ ሲወድቅ አንስቶ ሰጠኝ። ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም።»

ይህን ስትነግረን እናቴ እስከ ዛሬ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። አባቴ አክሊሉም ቤት ውስጥ ካለ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ይሸፍናል።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ የኔ ልጅ?» አለ ባሻ።

«እምቢ ማለቴ አልነበረም። ትምህርቴን ልጨርስ፣ አንድ ዓመት ይጠብቀኝ፣ ራሱም መጥቶ ያነጋግረኝ ልል ነበር። ይኼን ሁሉ ነገር ሰዓት አውጥቶ በያዘ ሰው ፊት ከየት ልጀምረው?»

ጓንጉል ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳብ አደረገ። ማንጠግቦሽ ልጇ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች፤ ከደጋ ከወረደች ጀምሮ እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ከልጇ አፍ ሰምታ አታውቅም ነበር። ጃርቷ ራቅ ብላ ጢንዚዛዋን ትቆረጥማለች።

ጨለማው መጣ። ከወንዙ ወዲያ ጅብ ሲጮህ ማንጠግቦሽ ሁሉንም ወደ ቤት አስገባች። ለባሻ መኝታ ተነጠፈለት፤ ፋኖሱ ዝቅ ተደረገ። ጓንጉል የጓሮውን በር ዘጋ፤ ቀጥሎ ወደ ፊተኛው በር ሄደ። ማንጠግቦሽ ግን ሐሳቡ አልተዋትም።

«ባሻ» አለች፣ «አቶ ንጋቱ ይቀየመናል። ነገ ልጅቱ ምን አለች ብሎ ሲጠይቅዎት ምን ይሉታል? እምቢ አለች ካሉት ጠላት ይሆነናል። እሺ አለች ካሉት ደግሞ ነገውኑ ተመልሶ ይመጣል።»

ባሻ ውብሸት በጋቢው ተጠቀለለ። ጓንጉል መቀርቀሪያውን ገፋ፤ እንጨቱ በእንጨቱ ውስጥ ገብቶ በሩ ለሌሊቱ ተቆለፈ። ያኔ ሽማግሌው ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እሺም እምቢም አልለውም፤ በዓይኔ ያየሁትን እነግረዋለሁ፦ ጃርት ለቸኮለ እሾኋን፣ ለቆየ ፊቷን ታሳያለች።»